ጥርሴ እስከ ፋሲካ

ሐሙስ፣ የካቲት 5 ቀን 2018

ይህን ደብተር የገዛሁት የባለጉዳዮቼን ቀጠሮ ልመዘግብበት ነበር። ዛሬ ግን የራሴ ጉዳይ ስለመጣ የመጀመሪያውን ገጽ እኔው ወስጄዋለሁ።

የእህቴ ልጅ ረሻድ ጠዋት ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ማመልከቻ የምጽፍባት ጥላ ሥር መጣ። መነጽሬን አላደረግሁም ነበርና ባለጉዳይ መስሎኝ «ከሳሽ ነህ ተከሳሽ?» አልኩት። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለው የሙዚቃ ስቱዲዮው የሚገኝበት ቤት ለልማት ይነሣል ተብሎ እስከ ሚያዝያ 10 እንዲለቅ ተነግሮታል። አዘንኩለት። እሱ ግን ሌላ ነገር ይዞ ነው የመጣው።

«አጎቴ፣ ቤቱ ከመፍረሱ በፊት የእርስዎን አልበም እንቅዳ። የዚያ ክፍል የመጨረሻ ሥራ የእርስዎ ይሁን። ከዚያ በኋላ ዕቃው መጋዘን ነው የሚገባው፤ መቼ እንደሚወጣ እኔም አላውቅም።»

የእኔ አልበም! ሠላሳ ዓመት በማርሽ ባንድ ውስጥ ክላሪኔት ነፍቻለሁ፤ ሦስተኛው ረድፍ፣ ከግራ ሁለተኛ። በበዓል ቀን ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው የፊተኛው ሰው ትከሻ እንጂ እኔ አይደለሁም። ስሜ በአንድም ካሴት ላይ የለም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን በክስና በመልስ መሐል ዜማ እየጻፍኩ ስምንት ሥራ አጠራቅሜአለሁ። ስማቸው የመጣው ከምውልበት ነው፤ «ቀጠሮ»፣ «ይግባኝ»፣ «ዘጠነኛ ችሎት» እያለ ይሄዳል። አንዱ ብቻ «የመይሙና ሳቅ» ይባላል። መይሙና ባለቤቴ ናት።

ስምንቱም ስዊንግ በሚባለው የጃዝ ስልት ናቸው። በሃያ ሁለት ዓመቴ በባንዱ ክበብ ውስጥ ልባሱ የጠፋ አንድ ሸክላ ነበር፤ ማን እንደተጫወተው የሚያውቅ የለም። እሱ ላይ ክላሪኔት ሲስቅ ሰማሁ። እኛ ክላሪኔትን የምናውቀው ሲሰለፍ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም።

ለመይሙና ስነግራት «ስምህ ከፊት ይጻፋል?» አለች። ይጻፋል አልኳት። «በትልቁ?» በትልቁ አልኳት። «እንግዲያው ጸጉርህን ተቆረጥ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሌላ፦ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ አንዷ ትንሽ ትነቃነቃለች። ክላሪኔት ሲነፋ መንፊያው የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ምንም አይደለም፤ የጻፍኩት ለመዝገብ ያህል ነው።

እሑድ፣ የካቲት 8

በሚቀጥለው ሳምንት እንቅዳ ብዬ ወደ ዓባይነህ ቤት ሄድኩ። ዓባይነህ በባንዱ ውስጥ ትልቁን ከበሮ ተሸክሞ ከኋላዬ ይሄድ የነበረ ወዳጄ ነው፤ አሁን ድራም ይመታልኛል። የደረስኩት ቅበላ ላይ ነው። ቤቱ በሰው ተሞልቷል።

«ከነገ ጀምሮ ስቲክ አልነካም» አለኝ። «ልጄ ታማ ሳለች ለልደታ ማርያም የተሳልኩትን ረሳኸው? ሁዳዴ እስኪፈታ ከበሮ የለም።»

ልጁ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። ስለቱ ግን ይኸው አለ። ሰውየው ቃሉን ይጠብቃል፤ ምን እለዋለሁ? ቁጭ ብለን አሰላን። ሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን። ፋሲካ ሚያዝያ 4። ቤቱ የሚለቀቀው ሚያዝያ 10። ሚያዝያ 7 እና 8 ብለን ቆረጥን።

ፒያኖ የምትጫወትልኝ ናዝሬት ስትሰማ ተደሰተች። በሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረች፣ ሃያ ስምንት ዓመቷ የሆነ፣ ፊት ለፊት የምትናገር ልጅ ናት። «ጊዜ ማግኘታችን ጥሩ ነው፣ ጋሽ ሁመድ፤ አልደረስንም እኮ» አለች። ያልደረሰው ማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ቤዝ የሚመታው ፈቃደ «ይሁን» አለ። ፈቃደ ሌላ ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

እንግዲህ ጥርሴ እስከ ፋሲካ መቆየት አለባት። ሙስሊም ሆኖ ፋሲካን እንደዚህ የሚቆጥር ከእኔ ሌላ ልደታ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

የረመዳን ሁለተኛ ቀን። ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች አንድ ላይ ገጥመዋል፤ ሰፈሩ በሙሉ ጾመኛ ነው። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ብቻውን ቁጭ ብሎ የራሱን ዳቦ ይበላል።

የክላሪኔት ድምፅ የሚወጣው መንፊያው ላይ ከምትታሰረው ቀጭን ሸንበቆ ነው። ሳትረጥብ አትጮህም፤ እኛ ደግሞ የምናረጥባት በምላስ ነው። ጾም ታስፈታ እንደሆነ ብዬ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሼሃችንን ጠየቅኩ።

«ጣዕም አላት?» አሉኝ።

«ሸንበቆ ምን ጣዕም አላት፣ ሼሃችን?»

«አርባ ዓመት የላስካት አንተ፤ እኔን ትጠይቀኛለህ?» ከኋላዬ የቆሙት ሰዎች ሳቁ። ሼሁም ሳቁና «ከተጠራጠርክ ውኃ ውስጥ ንከራት። ውኃው ላንተ ነው እንጂ የተከለከለው ለእሷ አይደለም» አሉ። ከዛሬ ጀምሮ ሸንበቆዬ ስኒ ውስጥ ተቀምጣ ትጠጣለች፤ እኔ አያታለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ያለ ድራም ልምምድ። ዓባይነህ አልመታም እንጂ አልሰማም አላለም፤ መጥቶ ጥግ ተቀመጠ። በሁለተኛው ሥራ ላይ ጣቶቹ ጉልበቱን መምታት ጀመሩ። አየቻቸው ናዝሬት። እሱም አያቸው፤ ደንግጦ ሁለት እጁን መቀመጫው ሥር አስገብቶ ተቀመጠባቸው። እስከ መጨረሻው እንደዚያ ሆኖ ሰማን። ስንወጣ እጁ ደንዝዞ የበሩን እጀታ መያዝ አቅቶት ፈቃደ ከፈተለት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

መይሙና «ስታወራ ለምን አፍህን በእጅህ ትሸፍናለህ?» አለችና በግድ ሰንጋ ተራ ይዛኝ ሄደች። ኮንዶሚኒየሙ ላይ አንዲት ሳሚያ የምትባል ወጣት የጥርስ ሐኪም አለች።

«አቶ ሁመድ፣ እዚህ ጋ ምንድን ነው የሚነክሱት? እስክሪብቶ ነው?»

ከፋሲካ በኋላ አልበም እንደምቀዳ ጨምሬ ክላሪኔት አልኳት። ስንት ዓመት አለችኝ። አርባ አንድ አልኳት።

«ክላሪኔት በዚህ ልክ መነከስ አለበት?»

አለበት አልኳት። እንደዚያ ነው የተማርነው። አሠልጣኛችን በሰልፉ መሐል እያለፈ ማጅራታችንን በጥፊ እየመታ «ጥርስ አሳርፍ! ጠበቅ!» ይለን ነበር። ይሄን ሁሉ አልነገርኳትም።

«ይቺ ጥርስ ከሥሯ አልቃለች» አለች። «አሁን ከነቀልናት ድዱ እስከ ፋሲካ ይጠግግና ጊዜያዊ እናደርግልዎታለን። ካቆዩዋት በራሷ ጊዜ ትወጣለች፤ ያኔ ለብዙ ሳምንት ምንም አያሳርፉበትም።»

«ረመዳን ነው።»

«ከአፍጥር በኋላም እሠራለሁ።»

«ከአፍጥር በኋላ የተራዊህ ሶላት አለ።»

«እኔም እኮ ጾመኛ ነኝ፣ አቶ ሁመድ» ብላ ሳቀች። ካርዱን ሰጠችኝ፤ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

በረንዳው ላይ ትጠብቀኝ ለነበረችው መይሙና «ጠንካራ ናት አለች» አልኳት። መይሙና አየችኝ። ከዚያ ታክሲ ያዝን።

ዓርብ፣ የካቲት 20

ሥራ በዝቷል። ሦስት የውርስ፣ አንድ የአጥር ክርክር። ጥርስ ደህና ናት። በምላሴ አልነካትም ብያለሁ። ነካኋት። ባለጉዳይ መጣ።

ሰኞ፣ የካቲት 23

ዛሬ ስቱዲዮ ቀድሜ ደረስኩ። ኮሪደሩ ላይ ጫማዬን ከጭቃ ሳጸዳ ናዝሬት ከውስጥ ሆና ለፈቃደ ስታወራ ሰማኋት።

«አንድ ኖታ አይስትም። ንጹሕ ነው። ግን ስዊንግ አይደለም፤ ሰልፍ ነው። ጋሽ ሁመድ ሲነፋ ባንዲራ የሚሰቀል እየመሰለኝ ልነሣ ምንም አይቀረኝ። ስዊንግ እኮ ከምቱ ትንሽ ዘግየት ብለህ፣ ደገፍ ብለህ ነው የምትቀመጠው። እሱ ምቱ ላይ ቆሞ ሰላምታ ይሰጣል።»

ፈቃደ «ይሁን» አለ።

ጫማዬን ደግሜ ጠረግሁና አሁን እንደደረሰ ሰው እህ ብዬ ገባሁ። አልተቀየምኩም። ልጅ ናት። ይሁንና ለመዝገብ ያህል መልሴን እንደሚከተለው አቀርባለሁ። አንደኛ፦ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዘግይቼ አላውቅም። ሁለተኛ፦ በእኛ ባንድ ከምት የዘገየ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ሽንት ቤት ያጥብ ነበር፤ እኔ አንድ ቀን አላጠብኩም። ሦስተኛ፦ ያንን ሸክላ እሷ ሳትወለድ ሰምቼዋለሁ፤ ክላሪኔት እንዴት እንደሚስቅ ለእኔ የሚነግረኝ የለም። አራተኛ፦ በሥራዬ ላይ ስንት ሰው በአንድ ቀን መዘግየት ቤቱን ሲያጣ አይቻለሁ። መዘግየትን ጥበብ ነው የሚለኝ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ አያውቅም። አምስተኛውን ረሳሁት።

ረቡዕ፣ የካቲት 25

አልተቀየምኩም።

እሑድ፣ የካቲት 29

መይሙና ዘንድሮ ተምሩን ፍሬውን እያወጣች ከቀን ጀምራ ወተት ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች። ሳምቡሳውንም ጠርዙን ቆርጣ መሐሉን ነው የምታቀርብልኝ። ለምን እንደዚያ እንደምታደርግ አላውቅም፤ ምናልባት ከቴሌቪዥን ያየችው ነው። ይጣፍጣል።

ናዝሬት ደግሞ «ይግባኝ» መጨረሻ ላይ ያለችውን ያቺን ከፍተኛ ኖታ ሰርዛ ዝቅ ባለ ሌላ ተካቻት። «ለፒያኖው ይመቻል» አለች። ለፒያኖ ምን እንደሚመች የምታውቀው እሷ ናት። ግን ያቺን ኖታ እወዳት ነበር፤ ጥርሴን ነክሼ የማወጣት እሷን ብቻ ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 11

ዒድ። ዓባይነህ ከባለቤቱ ከመቅዲ ጋር መጣ። መይሙና ለሁለቱ የምስር ሳምቡሳና ሽሮ ለብቻ ሠርታ ጠበቀቻቸው፤ ቅቤ በነካ ማንኪያ እንዳይማሰል ስትጠብቅ ነው ያረፈደችው። ዓባይነህ ጠግቦ ሲያበቃ «ፋሲካ እኔ ቤት ናችሁ» አለ። «የአንተን በግ አንተው ታርደዋለህ። ቢላዋውም ድስቱም አዲስ ነው።» በየዓመቱ እንደዚህ ነን።

ረመዳን ስላለቀ ለሐኪሟ የምሰጠው ሰበብ አልቋል። ቀኑን ስቆጥረው ግን ዛሬ ባስነቅል እስከ ሚያዝያ 7 አይደርስም። ስለዚህ አለማስነቀሌ አሁን ትክክል ሆነ። ያን ጊዜ ትክክል አልነበረም፤ አሁን ትክክል ሆነ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ባለጉዳይ ቢያመጣልኝ ኖሮ አልጽፍለትም ነበር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 15

ዛሬ አንዲት እናት የውሳኔ ግልባጭ በፌስታል ይዘው መጡ። ይግባኝ ጻፍልኝ አሉ። ቀኑን አየሁት፤ አልፏል። «እማማ፣ ስልሳ ቀን ነበረዎት እኮ! ምን ሲያደርጉ ነበር?» አልኳቸው፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «ፈራሁ» አሉኝ። «ከፌስታሉ ባላወጣው የሌለ መሰለኝ፣ ልጄ።»

ወረቀት አወጣሁ። የዘገዩበትን ምክንያት ዘርዝሬ፣ ጊዜው ያለፈውን ይግባኝ ያስፈቅዱ እንደሆነ ብዬ በነጻ ጻፍኩላቸው። ከሄዱ በኋላ የኮቴን ኪስ ስፈትሽ የሐኪሟ ካርድ እዚያው አለ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 24

በጣም ትነቃነቃለች። ሻይ ስጠጣ ትሰማኛለች። ልምምድ ላይ ግማሹን በዝግታ ነፋሁ፤ «ጉንፋን ይዞኛል» አልኩ። ዓባይነህና ናዝሬት ባንድ አፍ «አዎ፣ ጉንፋን አለ» አሉ። ፈቃደም «ይሁን» አለ። ለፋሲካ አሥር ቀን ቀርቷታል። ያ ረቢ፣ አሥር ቀን ብቻ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 2

ስቅለት። ዓባይነህ ሲሰግድ ውሎ ደወለልኝ። ወገቤ ተቆረጠ አለ። «የአንተስ?» አለኝ። የእኔ ምን? አልኩት። «ምንም። ጉንፋንህን ነው ያልኩት።»

እሑድ፣ ሚያዝያ 4

ይህን የምጽፈው አፌ ውስጥ ጥጥ ይዤ ነው።

ጠዋት በጉን አረድኩ። መቅዲ ሥጋውን በአዲሱ ድስት እስኪፈርስ ቀቅላዋለች፤ ማንኪያ ይበቃው ነበር። ድፎ ዳቦውንም የእኔን ድርሻ መሐል መሐሉን ቆርጣ ሰጠችኝ። ጥርሴ ከበጉም ከዳቦውም ተረፈች። ደስ ብሎኝ አላህን አመሰገንኩ። ቸኮልኩ።

ከምሳ በኋላ ዓባይነህ ድራሙን ግቢው ውስጥ ዘረጋ። ሃምሳ አምስት ቀን የታሰረ እጅ ሲፈታ እንዴት እንደሚሆን ማየት ነበር! ስድሳ አራት ዓመት የሞላው ሰውዬ እያለቀሰ ይመታል። ናዝሬት ትንሽ ኪቦርድ ይዛ መጥታለች፤ ፈቃደም ቤዙን። ጎረቤት ከየበሩ ወጣ፤ ሕፃን አዋቂው ያጨበጭባል። «ይግባኝ»ን ጀመርን።

መጨረሻው ጋ ስንደርስ፣ ሰው ሲያጨበጭብ ጊዜ፣ ያ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ሲሆን ጊዜ፣ ናዝሬት የሰረዘቻት ከፍተኛ ኖታ ትዝ አለችኝ። ማንም አላዘዘኝም። ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

ኖታዋ ወጣች። ጥርሴም ወጣች። በአየር ላይ ሄዳ የዓባይነህ ትንሹ ከበሮ ላይ «ጣ!» ብላ አረፈች።

ጭብጨባው ተቋረጠ። ዓባይነህ ስቲኩን እንደያዘ ከበሮውን አየ፣ እኔን አየ፤ «እኔ አይደለሁም የመታሁት» አለ። ናዝሬት አፏን በሁለት እጇ ይዛ፣ ላለመሳቅ እየታገለች፣ «ጋሽ ሁመድ… ከምቱ ትንሽ ዘግየት ብላ ነው ያረፈችው» አለች። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ደሜን እየዋጥኩ ሳቅሁ። መይሙና ጥርሴን ከከበሮው ላይ አንሥታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት።

ቤት ስገባ ግን አለቀስኩ። ማንንም አልከስም። ሃምሳ ቀን ጊዜ ነበረኝ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 5

ሐኪሟ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ለስድስት ሳምንት እዚህ ቦታ ላይ ምንም ነገር አያርፍም» አለች።

እንደተመለስኩ አንድ ደብዳቤ አዘጋጀሁ። «ጉዳዩ፦ የአልበም ቀረጻው መሰረዙን ስለማሳወቅ።» ለአራቱም ግልባጭ። ፊርማ ሳኖርበት መይሙና ከትከሻዬ በላይ አነበበችው።

«ረመዳኑን ሙሉ ተምር የዘፈዘፍኩት ለዚህ ነው?» አለች።

ታውቅ ነበር። ሁሉም ያውቁ ነበር። ዓባይነህም፣ መቅዲም፣ ኖታዬን ዝቅ ያደረገችው ናዝሬትም። እኔ አፌን በእጄ ስሸፍን እነሱ ዓይናቸውን ሲሸፍኑልኝ ከርመዋል። አፈርኩ።

«መንፊያው ጥርስ ላይ ነው የሚያርፈው፣ መይሙና» አልኳት። «ጥርስ ከሌለ ክላሪኔት የለም።»

«ደሴ ሳለን ዋሽንት ስትነፋልኝ በጥርስህ ነበር?»

«ዋሽንት በከንፈር ነው የሚነፋው።»

«እኮ» አለች። ደብዳቤውን አጣጥፋ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 6

የላይኛውን ከንፈሬን ወደ ውስጥ አጥፌ፣ ጥርሶቼን እሱ ላይ አሳርፌ፣ መንፊያውን በከንፈሬ ብቻ ያዝኩ። ቁስሉን አይነካም። ድምፁ ግን እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። ጎረቤት በሩን አንኳኩቶ «ደህና ናችሁ?» አለ። ባንዱ ውስጥ ሳለሁ እንደዚህ ብይዝ ማጅራቴን እመታ ነበር። ልነክስ ስል ከንፈሬን ስለማመው መንከስ አልቻልኩም። ደጋግሜ ሞከርኩ። አመሻሹ ላይ ሦስት ኖታ ደህና ወጡ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 7

መጀመሪያው ቀን። አንድም ሥራ አልተቀዳም። ከስቱዲዮው ቀጥሎ ያለውን ቤት በኤክስካቫተር እያፈረሱት ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ረሻድ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። በምሳ ሰዓት ማሽኑ ሲቆም ጀመርን፤ እኔ ግን ፈርቼ ጀምሬ ጀምሬ አቋረጥኩ። ማሽኑን የሚነዳው ሰውዬ በር ላይ ቆሞ እንጀራውን እየበላ ሲሰማ ቆየና «ነገስ ስንት ሰዓት ይበቃችኋል?» አለ። ናዝሬት ሦስት ሰዓት አለችው። «እሺ፣ ነገ ከኋላ በኩል እጀምራለሁ» ብሎ እጁን ጠርጎ ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 8

በእርጋታ ልጻፍ። ቀን መቁጠር ስለለመድኩ ይህን ቀን በትክክል መመዝገብ እፈልጋለሁ።

ጠዋት ከንፈሬ አብጦ ነው የተነሣሁት። «በዚህ ከንፈር ምን ልነፋ?» ብዬ ለዓባይነህ ሳሳየው «ጥብስ ይመስላል» አለኝ። ማበረታቻው ይህ ነበር።

የጀመርነው በ«ቀጠሮ» ነው። ዓባይነህ ከበሮውን በሽቦ ብሩሽ እያበሰ ቀስ ብሎ ገባ፣ ፈቃደ ተከተለ፣ ናዝሬት ሁለት ሦስት ኖታ ጣል አደረገች። የእኔ ተራ ደረሰ። እንደ ድሮዬ ምቱ ላይ ልቆም ስል ከንፈሬ እምቢ አለ። ያበጠ ከንፈር ድምፅ ለማውጣት ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። ምቱ አለፈኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልደረሰብኝ ነገር ነው። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ከምቱ በኋላ፣ ቀስ ብሎ፣ ደክሞት ቤቱ እንደገባ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ናዝሬት አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ። ማንም አላቆመም። ሁለተኛውም ዘገየ፣ ሦስተኛውም። የንክሻ ጉልበት ስለሌለኝ የማደርገው መጠበቅ ብቻ ነው፤ ስጠብቅ ዓባይነህ ከሥሬ ይይዘኛል። ለካስ ይህን ሁሉ ዓመት ከኋላዬ ሲመታ አንድ ቀን ደገፍ ብዬበት አላውቅም። የዋሽንቱ ነገር መጣ፤ ጣቶቼ ያልጻፍኩትን ሄዱ፤ ባቲ ቅኝት ውስጥ ገብተው እየተንሸራተቱ ወጡ። ስንጨርስ ፈቃደ ቤዙን እንደያዘ «አሃ!» አለ። «ይሁን» አላለም። ዓባይነህ ሰዓቱን አይቶ «ይመዝገብልኝ፤ ፈቃደ ተናገረ» አለ።

በሦስት ሰዓት ውስጥ ስምንቱንም ቀዳን። ኤክስካቫተሩ ከኋላ በኩል ቀስ እያለ ነበር የሚሠራው፤ «ዘጠነኛ ችሎት» ላይ አንዴ ግም ብሎ ይሰማል። ረሻድ ላጥፋው አለ፤ ናዝሬት ተወው አለችው።

የመጨረሻው «የመይሙና ሳቅ» ነበር። አርባ ዓመት በጆሮዬ የያዝኩት ሳቅ ዛሬ ከገዛ ክላሪኔቴ ወጣ። በጥርስ ጥንካሬ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ፤ በዚህ ጊዜ ግን በደስታ ነው፤ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን የምጠርግ አስመሰልኩ።

ናዝሬትን ጠርቼ «የካቲት 23 ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ» አልኳት። ፊቷ ቀላ። «ያልሽው ልክ ነው። መልሴን በሙሉ አንሥቻለሁ» አልኳት። ምን መልስ እንደሆነ አልገባትም፤ አቀፈችኝ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 10

ስቱዲዮው ባዶ ሆነ። ረሻድ ገመዱን ጠቅልሎ ሲያበቃ ባዶው ክፍል መሐል ቆሞ ጣቱን «ጣ» አደረገ፤ ድምፁን ለመጨረሻ ጊዜ ለመስማት። አዘነ፣ ግን ደግሞ ሳቀ። የአልበሙን ስም ጠየቀኝ። «ከምቱ ዘግየት» አልኩት። ስሜ ከላይ፣ በትልቁ።

ቤት ስመለስ በስልኬ «የመይሙና ሳቅ»ን ከፍቼ ለመይሙና ሰጠኋት። ልብስ ታጥፍ ነበር። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማች፤ እጇ ላይ ያለችውን ሸሚዝ ማጠፏን አቆመች።

«ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ» አለች ሲያልቅ። «ደሴ ነበር። የት ሄዶ ነበር ይሄን ሁሉ ጊዜ?»

«ማርሽ ባንድ ገብቶ ነበር» አልኳት። «እንደገና አድርግልኝ» አለች። እንደገና አደረግሁላት።

ማምሻውን ሐኪሟ ደወለች። ሐሙስ ይምጡ፤ ድዱን አይቼ ለአዲሱ ጥርስ ልክ እንውሰድ አለች። እሷም ጥድፊያ ታውቃለች ለካ። ጥርስ ከተተከለልኝ ደግሞ ተመልሼ መንከሴ አይቀርም። ስልኩን ዘግቼ ወረቀት አወጣሁ፤ በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ማመልከቻዎች ሁሉ አጭሩ ይህ ነው፦

ጉዳዩ፦ የጥርስ ቀጠሮዬ እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ።
ምክንያት፦ ባለቤቴ ከአርባ ዓመት በፊት የጠፋባትን ልጅ ያገኘችው ገና ዛሬ ስለሆነ።